ዘጠኝ አባወራ ከመዝገቡ ጎድሏል፦ ደሴ ላይ መብራት ሲሄድ የጠፋ ጽሑፍ የተመለሰበት መንገድ

የጉዳይ ጥናት

ቅሬው፣ ማለትም በወሎ እንዲህ የሚባለው የመረዳጃ ዕድር፣ 286 አባወራ አለው። የአባላቱ ስም፣ የገቡበት ዓመት፣ የቤተሰባቸው ብዛትና ስልካቸው እስከዚያ ሳምንት ድረስ ያለው በአንድ ትልቅ የእጅ መዝገብ ላይ ብቻ ነበር። የመዝገቡ ጠርዝ ተበልቷል፤ አንዳንዱ ገጽ ላይ ቀለሙ ደብዝዞ ስሙን ለማንበብ ወደ መስኮት መውሰድ ያስፈልጋል። የቅሬው ጸሐፊ መዝገቡን ይዘው ደሴ ፒያሳ አካባቢ ወዳለ አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ሄዱ። በኪሳቸው አንድ ፍላሽ አለ፤ በፍላሹ ላይ ከዓመታት በፊት የተጻፈ ባለ 18 ገጽ መተዳደሪያ ደንብ አለ። ሥራው ከደንቡ ቀጥሎ የአባላቱን ሠንጠረዥ መጻፍና እሁድ ለሚደረገው ስብሰባ ሦስት ቅጂ ማተም ነው።

ሥራው በተጀመረ በሁለተኛው ቀን፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ መብራት በ22 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሄደ። አብዛኛው ጽሑፍ በማግስቱ ተመለሰ። አደጋው ግን የነበረው ከተመለሰ በኋላ ነው፤ ፋይሉ ተከፍቶ ሁሉም ሰው «ተገኘ!» ባለበት ሰዓት ዘጠኝ አባወራ ከሠንጠረዡ መሀል ጎድሎ ነበር፣ ገጹን በዓይን ያየ ሰው ግን ክፍተቱን ሊያገኘው አይችልም ነበር።

ማሽኑ

ቤቱ ሦስት ዴስክቶፕ አለው። ይህ ሥራ የተሠራው በ2 ቁጥሩ ላይ ነው፦ ዊንዶውስ 10፣ ማይክሮሶፍት ወርድ 2016፣ ለአማርኛ መጻፊያ ፓወር ግዕዝ በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ አሠራር)፣ ፎንቱ ኒያላ። ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆየው ዕቃ፣ ተገጥሞለታል፤ ባትሪው ግን ከሞተ ስለቆየ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩም አብሮ ይሄዳል። የማዘርቦርዱ ክብ ባትሪም አልቋል። ስለዚህ ጠዋት ሲከፈት «ኤፍ 1 ተጫኑ» ብሎ ይቆማል፤ ሰዓቱም ወደ ጃንዋሪ 1፣ 2010 ይመለሳል። ታይፒስቷ በየጠዋቱ ቀኑንና ሰዓቱን በእጇ ታስተካክላለች። ይህን ጣጣ ከጽሑፍ መጥፋት ጋር ያያያዘው ሰው አልነበረም።

ፋይሉ የተከፈተው በቀጥታ ከፍላሹ ላይ ነው። ብዙ ኮፒ ቤት እንዲህ ይሠራል፤ ደንበኛው ፍላሹን ይሰጣል፣ ፋይሉ እዚያው ይከፈታል፣ ሲያልቅ ነቅሎ ይሄዳል።

የሐሙስ ከሰዓት

የፋይል ሰዓት ስንመረምር ኮምፒውተሩ 2፡15 የሚለው በእኛ አቆጣጠር 8፡15 መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ታይፒስቷ «ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ሴቭ አድርጌአለሁ» ስትል ፋይሉ ላይ የሚታየው 2፡15 ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በእኛ ሰዓት ነው።

7፡50 ላይ ፋይሉ ተከፈተ። 8፡15 ላይ 142ኛው አባወራ አልቆ ኮንትሮልና ኤስ ተጫነች። ከዚያ እጇ ሥራውን ለመደው፤ አንዱ ረድፍ 40 ሰከንድ ያህል ይወስድባታል። በሚቀጥሉት 49 ደቂቃዎች 73 ረድፍ ጻፈች፤ አንድ ጊዜም ሴቭ አላደረገችም። 9፡04 ላይ መብራት ሲሄድ ጣቷ በእጅ መዝገቡ 215ኛ ስም ላይ ነበር።

9፡11 ላይ መብራት መጣ። ሰዓቱ እንደ ልማዱ ወደ 2010 ተመልሷል፤ ደንበኛ ስለቆመ አላስተካከለችውም። ፋይሉን ስትከፍት ወርድ በስተግራ በኩል የተረፉ ሰነዶችን ዝርዝር አወጣ፦ አንዱ ወርድ ራሱ ያስቀመጠው፣ ሌላው ለመጨረሻ ጊዜ ሴቭ የተደረገው። የፊተኛውን ከፈተች። ስሞቹ አሉ። እፎይ ብላ መዝገቡን ጣቷ ካረፈበት ከ216ኛው ስም ቀጠለች።

በዚህች ቅጽበት ሁለት ስሕተት ተሠራ። አንዱ፣ የተረፈው ሰነድ ወዲያው በአዲስ ስም ሴቭ አልተደረገም። እስኪደረግ ድረስ ሰነዱ ያለው በኮምፒውተሩ ሜሞሪና በጊዜያዊ ፋይል ውስጥ ብቻ ነው፤ ፍላሹ ላይ ያለው አሁንም የ8፡15ቱ ነው። ሌላው ስሕተት ዘጠኙን አባወራ ያስጎደለው ነው፤ በኋላ እንደርስበታለን።

9፡26 ላይ መብራት እንደገና ሄደ፤ እስከ ማታም አልመጣም። ጸሐፊው ኮምቦልቻ ዘመድ የሚሠራበት ጄኔሬተር ያለው ቢሮ እንዳለ አስበው ፍላሹን ነቅለው ሚኒባስ ያዙ።

ወርድ ከጀርባ ምን ይሠራ ነበር

ወርድ ጽሑፍን የሚጠብቅባቸው ሦስት መንገዶች አሉት፤ ሦስቱን አንድ አድርጎ ማየት ብዙ ሰው ላይ ጉዳት አድርሷል።

የመጀመሪያው አውቶሪከቨር የሚባለው ነው። ሰነዱ ከተለወጠ በየተወሰነ ደቂቃ ሙሉ ቅጂውን በጊዜያዊ ፋይል ይጽፋል። ካልተነካ በቀር ልዩነቱ 10 ደቂቃ ነው። ቅጂው የሚቀመጠው ፍላሹ ላይ አይደለም፤ በተጻፈበት ኮምፒውተር ሲ ድራይቭ ላይ፣ በተጠቃሚው ስም ሥር፣ አፕዳታ፣ ሮሚንግ፣ ማይክሮሶፍት፣ ወርድ በተባሉት ፎልደሮች ውስጥ ነው። የፋይሉ ስም ማብቂያ ኤኤስዲ ነው። ወርድ በሥርዓት ሲዘጋ ይህን ፋይል ራሱ ያጠፋዋል፤ የተሠራው ድንገት ለተቋረጠ ሥራ ብቻ ነውና።

ሁለተኛው የመጠባበቂያ ቅጂ ነው። ይህ ካልታዘዘ አይሠራም። ሲታዘዝ ግን ሴቭ በተደረገ ቁጥር የቀድሞውን ፋይል ስሙን ለውጦ እዚያው ፎልደር ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ማብቂያው ደብሊውቢኬ ነው። ይህ የሚጠብቀው ከመብራት ሳይሆን ከሰው እጅ ነው፦ ግማሹን ገጽ አጥፍቶ ሴቭ ላደረገ ሰው። በ2 ቁጥሩ ላይ አልተከፈተም ነበር።

ሦስተኛው ሴቭ የሚደረግበት አካሄድ ራሱ ነው። ወርድ በአሮጌው ፋይል ላይ አይጽፍም፤ አዲሱን በጊዜያዊ ስም ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ስም ያለዋውጣል። በመሀል መብራት ቢሄድ ቢያንስ አንዱ እንዲተርፍ ነው። ነገር ግን አብዛኛው ፍላሽ ፋት 32 ወይም ኤክስፋት በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ነው፤ እነዚህ ደግሞ የዊንዶውስ ሃርድ ዲስክ እንደሚዘጋጅበት እንደ ኤንቲኤፍኤስ የለውጥ መዝገብ አይዙም። ስም በሚለዋወጥባት ቅጽበት መብራት ከሄደ ወይም ፍላሹ ከተነቀለ የፋይሎቹ ማውጫ ራሱ ሊበላሽ ይችላል። በዚህ ጉዳይ ፍላሹን ያተረፈው በሁለቱም ጊዜ መብራት ሲሄድ ሴቭ እየተደረገ አለመሆኑ ነው።

10 ደቂቃ ብዙ ነው የሚል ትክክል ነው። የፕሮግራም ጸሐፊዎች የሚጠቀሙባቸው አርታኢዎች ከዚህ በእጅጉ ይፈጥናሉ። ቪም 200 ፊደል ሲጻፍ፣ ወይም እጅ ለ4 ሰከንድ ሲያርፍ፣ ለውጡን ወደ መጠባበቂያ ፋይሉ ይልካል። ኢማክስ በየ300 የቁልፍ ምት ወይም 30 ሰከንድ እጅ ሲያርፍ ይጽፋል። ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ በየ7 ሰከንዱ። ልዩነቱ የመጣው ከሥራው ጠባይ ነው፤ ቪም የተለወጠውን ክፍል ብቻ ነው የሚጽፈው፣ ወርድ ግን ሠንጠረዡን፣ ፎንቱን፣ ሥዕሉን ጨምሮ ሰነዱን ሙሉ ለሙሉ እንደገና ያወጣል። ሌላም ልዩነት አለ። ቪምና ኢማክስ ጊዜያዊውን ፋይል የሚያኖሩት ከዋናው ፋይል አጠገብ ነው። ፍላሽ ላይ ከተሠራ ከፍላሹ ጋር ይሄዳል። የወርድ ግን ኮምፒውተሩ ዘንድ ይቀራል። ጸሐፊው የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ የያዙት አሮጌውን ፋይል ነበር፤ አዲሱ ፒያሳ ቀርቷል።

ኮምቦልቻ ላይ የታየው

ከ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በኋላ ፍላሹ ሲከፈት ሦስት ነገር ታየ፤ ሦስቱም ሰዎቹን ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ መሯቸው።

ሠንጠረዡ 142ኛው ላይ ያበቃል። ይህ ትክክለኛ ነው፤ የ8፡15ቱ ፋይል ነው።

የደንቡ 18 ገጾች በሙሉ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ሆነዋል። ጸሐፊው «ፍላሹን ቫይረስ በላው» አሉ። ቫይረስ አልነበረም። ደንቡ ከዓመታት በፊት በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ ፎንቶች የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የሚታየው ከሥር ያለው ላቲን ነው። ፋይሉ አልተጎዳም፤ ፎንቱ ካለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ይመለሳል። እንዲህ ያለ ገጽ ሲገጥም ማድረግ የሌለበት ነገር ጽሑፉን መርጦ ወደ ኒያላ መለወጥ ነው። የደንቡ ርዕስ፣ ቁጥርና ዋና ጽሑፍ በተለያየ ፎንት ተጽፎ ከሆነ የትኛው የትኛው እንደነበር የሚያሳየው ምልክት ይጠፋል፤ መልሶ መለየት ረጅም ሥራ ነው።

ሦስተኛው፣ ከዋናው ፋይል አጠገብ በ~$ የሚጀምር ደብዛዛ ፋይል ነበር። የቢሮው ሠራተኛ «የጠፋው ጽሑፍ እዚህ ውስጥ ይሆናል» ብሎ ደጋግሞ ሊከፍተው ሞከረ። በዚህ ፋይል ውስጥ ጽሑፍ የለም። ወርድ ሰነድ ሲከፍት «ይህን የያዘው እከሌ ነው» ብሎ የሚያኖረው ምልክት ነው፤ የተጠቃሚውን ስም ብቻ ይይዛል፣ መጠኑም ከአንድ ኪሎባይት በታች ነው። ወርድ በሥርዓት ሳይዘጋ ሲቀር ወድቆ ይቀራል። አንዳንዴም ዋናውን ፋይል «ሌላ ሰው ከፍቶታል» አሰኝቶ ለንባብ ብቻ እንዲከፈት ያደርጋል።

ጸሐፊው ስልክ ደወሉ። ታይፒስቷ «አብሽሩ ጋሼ፣ ፍላሹ ላይ ምንም ሴቭ አያድርጉ፣ ይዘውልኝ ይምጡ» አለቻቸው። በዚያ ከሰዓት የተነገረው ጠቃሚ ቃል ይህ ነው። እዚያ አንዱ ፎንቱን ለውጦ ሴቭ ቢያደርግ ኖሮ ደንቡም ይበላሽ ነበር።

ዓርብ ጠዋት፦ ማስመለሱ

ሐሙስ ማታ መብራት አለመምጣቱ ጠቀመ። በ2 ቁጥሩ ላይ ሌላ ደንበኛ ተቀምጦ ወርድን ከፍቶ ቢሆን ኖሮ ያ የተረፉ ሰነዶች ዝርዝር በእሱ ፊት ይወጣ ነበር። የማያውቀው ሰው ዝርዝሩን ይዘጋል፤ ወርድ ሲዘጋም «እነዚህን ላቆያቸው ወይስ ላጥፋ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «አጥፋ» ከተባለ አለቀ።

ጽሑፉን ለማስመለስ የመጣው የኮምፒውተር ባለሙያ መጀመሪያ ያየው ኮምፒውተሩ ላይ ዲፕ ፍሪዝ የተጫነ መሆን አለመሆኑን ነው። ብዙ ሰው የሚነካካቸው ኮምፒውተሮች ላይ ይህ ፕሮግራም ይጫናል፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በተነሳ ቁጥር ሲ ድራይቭን ወደ ነበረበት ይመልሳል። ቫይረሱን ያስወግዳል፣ አውቶሪከቨርንም አብሮ ያስወግዳል። በ3 ቁጥሩ ላይ ነበር፤ በ2 ቁጥሩ ላይ አልነበረም። ሥራው 3 ቁጥሩ ላይ ቢሠራ ኖሮ ይህ ጥናት እዚህ ላይ ያበቃ ነበር።

ከዚያ ወርድ ሳይከፈት ፎልደሩ ተፈለገ። ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ ቪው በሚለው ሥር ድብቅ ፋይሎችና የስም ማብቂያዎች እንዲታዩ ተደረገ፤ አፕዳታ ድብቅ ስለሆነ ያለዚህ አይታይም። ወርድ የተባለው ፎልደር ሙሉ በሙሉ ወደ ሌላ ባዶ ፍላሽ ኮፒ ተደረገ። ኮፒ ነው፣ መቁረጥ አይደለም። ከዚህ በኋላ የሚሠራው ስሕተት ሁሉ በቅጂው ላይ ብቻ ነው የሚሠራው።

ሁለት ኤኤስዲ ፋይል ተገኘ። የአንዱ ቀን የሐሙስ ነው፣ ሰዓቱ 2፡58፤ በእኛ 8፡58 ማለት ነው። የሌላው ቀን ጃንዋሪ 1፣ 2010 ነው፣ ሰዓቱ ከእኩለ ሌሊት በኋላ 12፡14።

በቀን ቅደም ተከተል ሲደረደሩ የሐሙሱ ከላይ፣ የ2010ሩ ከታች ሆነ። የቤቱ ባለቤት ሁለተኛውን አሮጌ ቆሻሻ ነው ብለው ሊያጠፉት ነበር። ነገር ግን አዲሱ እሱ ነው። ኮምፒውተሩ 9፡11 ላይ ሲነሳ ሰዓቱ ወደ 2010 ስለተመለሰ፣ ከዚያ በኋላ የተጻፈ ነገር ሁሉ የ2010 ቀን ይይዛል። ከተነሳ 14 ደቂቃ በኋላ ማለት በእኛ 9፡25፣ ሁለተኛው መብራት ከመሄዱ አንድ ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው። የፋይል ቀን የሚታመነው የኮምፒውተሩ ሰዓት የሚታመን ሲሆን ብቻ ነው፤ ካልሆነ መጠን ይታያል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ተከፍቶ የመጨረሻው መስመር ይነበባል።

ኤኤስዲ ፋይል በሁለት ጠቅታ አይከፈትም። ወርድ ተከፍቶ ፋይል፣ ኢንፎ፣ ማኔጅ ዶክዩመንት፣ ሪከቨር አንሴቭድ ዶክዩመንትስ የሚለው ተመረጠ። ይህ የሚከፍተው ጭራሽ ሴቭ ያልተደረጉ ሰነዶች የሚቀመጡበትን ሌላ ፎልደር ነው፤ እዚያ ያለ ሰነድ ከአራት ቀን በኋላ ይጠፋል። የእኛ ሰነድ አንድ ጊዜ ሴቭ የተደረገ ስለሆነ እዚያ የለም። ብዙ ሰው እዚህ ባዶ ፎልደር አይቶ ተስፋ ይቆርጣል። መፍትሔው በዚሁ መስኮት ውስጥ ወደ ተቀዳው ፎልደር ሄዶ ፋይሉን መርጦ መክፈት ነው። ሁለቱም ተከፈቱ፤ ገና ሳይነበቡ በተለያየ ስም ዲ ድራይቭ ላይ ሴቭ ተደረጉ።

የጎደለው

የሐሙሱ ፋይል መጨረሻ 206 ይላል። የ2010ሩ 221 ይላል። ሠንጠረዡ ሙሉ ነው፣ ቁጥሩ ከ1 እስከ 221 ሳይዘል ይሄዳል፣ ፎንቱም ደህና ነው። የቤቱ ባለቤት ታይፒስቷን ቀጥይ አሏት።

ባለሙያው ግን የ221ኛውን ስም ከእጅ መዝገቡ ጋር እንድታመሳክር ጠየቃት። በእጅ መዝገቡ ላይ ያ ሰው 230ኛ ነው።

የሆነው ይህ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ በራሱ የተቀመጠው 8፡58 ላይ ነው፤ መብራት የሄደው 9፡04 ላይ። በመሀል ያለው ስድስት ደቂቃ የትም አልተጻፈም፤ ከ207ኛው እስከ 215ኛው ያሉት ዘጠኝ አባወራ ከሜሞሪ ጋር ጠፉ። መብራት ሲመለስ ታይፒስቷ የቀጠለችው ሰነዱ ካቆመበት ሳይሆን ጣቷ መዝገቡ ላይ ካረፈበት ነው። የተረፈው ሰነድ 206ኛው ላይ ያበቃል፣ እሷ ከ216ኛው ጀመረች። የረድፍ ቁጥሩን ደግሞ ወርድ በራሱ እንዲሰጥ ስላደረገችው፣ 216ኛውን ሰው 207 ብሎ ቀጠለ። ቁጥሩ ከእጅ መዝገቡ እየታየ ቢጻፍ ኖሮ ከ206 ወደ 216 መዝለሉን ገጹን ያየ ሁሉ ያውቅ ነበር።

ይህን ቀላል አድርጎ ማየት አይገባም። በቅሬ መዝገብ ላይ ስሙ የሌለ ሰው፣ ቤቱ ሐዘን በገባ ቀን ነው መጉደሉ የሚታወቀው። አሮጌው መዝገብ ከተቀመጠና አዲሱ ከታተመ በኋላ ዘጠኝ ቤተሰብ አባልነቱን ማስረዳት ሊኖርበት ነው። መብራት በመሄዱ የመጣው ጉዳት የስድስት ደቂቃ ሥራ ብቻ ነበር፤ ሳይታወቅ ቢታተም ኖሮ ግን የሚጎዳው የሰው መብት ነው።

ስለዚህ ከተመለሰ ሰነድ ላይ ከመቀጠል በፊት ሦስት ነገር ይደረጋል። በአዲስ ስም ሴቭ ይደረጋል። የሰነዱ የመጨረሻ መስመር ይነበብና ከመነሻው ወረቀት ላይ ይፈለጋል፤ ሥራው የሚቀጥለው ከዚያ መስመር ነው። ሲያልቅ ደግሞ ረድፉ ይቆጠርና ከመነሻው ቁጥር ጋር ይታያል። ጽሑፉ ሠንጠረዥ ካልሆነ፣ ለምሳሌ የመመረቂያ ጽሑፍ ከሆነ፣ አንቀጾቹ በየገጹ ይቆጠራሉ። አድካሚ ነው፤ ሌላ መንገድ ግን የለም።

በቤቱ የተለወጠው

አውቶሪከቨር በሦስቱም ኮምፒውተሮች ላይ ከ10 ወደ 2 ደቂቃ ወረደ። ቦታው ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ የሚለው ውስጥ ነው። ለምን 1 ደቂቃ አልሆነም? ብዙ ሥዕል ያለው ከባድ ሰነድ በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ሲጻፍ ወርድ ለጥቂት ሰከንድ ይደርቃል፤ ያ በየደቂቃው ከሆነ ታይፒስቷ ተማርራ ታጠፋዋለች። ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ 2 ደቂቃ አይሰማም። ሥዕል ለበዛበት መጽሐፍ 5 ይበቃል። እዚያው መስኮት ላይ ሴቭ ሳይደረግ የተዘጋ ሰነድ እንዲቆይ የሚያደርገው ሳጥንም ምልክት ተደረገበት።

የአውቶሪከቨሩ ፎልደር ወደ ዲ ድራይቭ ተዛወረ። ለ3 ቁጥሩ ግዴታ ነው፤ ዲፕ ፍሪዝ የሚመልሰው ሲን ብቻ እንዲሆን ተደርጓልና። ለሌሎቹም ይጠቅማል፤ ኮምፒውተር ሲታመም ፎርማት የሚደረገው ሲ ነው።

የመጠባበቂያ ቅጂው ተከፈተ፦ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ፣ ወደ ታች ሴቭ ወደሚለው ወርዶ ኦልዌይስ ክሪዬት ባካፕ ኮፒ። ቅጂው መታየት የሚጀምረው ሁለተኛ ጊዜ ሴቭ ሲደረግ ነው፤ በመጀመሪያው የሚቀመጥ «የቀድሞ» ስለሌለ። አንድ ወጥመድ አለበት። ወርድ የሚይዘው አንድ ቅጂ ብቻ ነው። ግማሹን ሠንጠረዥ በስሕተት አጥፍቶ አንዴ ሴቭ ያደረገ ሰው ይተርፋል፤ ሁለቴ ያደረገ ግን የተበላሸውን በመጠባበቂያው ላይም ገልብጧል። ኢማክስ በዚህ የተሻለ ነው፤ መጠባበቂያውን የሚሠራው ፋይሉ ከተከፈተ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴቭ ሲደረግ ብቻ ስለሆነ፣ ሥራው ሲጀመር የነበረው ሳይነካ ይቆያል። ወርድ ላይ ይህን ክፍተት የሚሸፍነው የሰው ልማድ ነው፦ በየ50 ረድፉ ፋይሉን በአዲስ ቁጥር ማስቀመጥ፣ ቅሬ 01፣ ቅሬ 02፣ ቅሬ 03 እያሉ።

ፋይል ከፍላሽ ላይ መክፈት ቀረ። ፍላሹ ሲመጣ ወደ ዲ ድራይቭ ኮፒ ይደረጋል፣ ሥራው እዚያ ይሠራል፣ ሲያልቅ ወደ ፍላሹ ይመለሳል፣ በሥርዓት ይነቀላል።

ጽሑፉን በኖትፓድም ማስቀመጥ ለሚወድ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በአሮጌ ዊንዶውስ ላይ ኖትፓድ ሳይጠየቅ የሚመርጠው አንሲ የሚባለውን አጻጻፍ ነው፤ አማርኛ በዚያ ከተቀመጠ እያንዳንዱ ፊደል የጥያቄ ምልክት ይሆናል፣ ፋይሉ አንዴ ከተዘጋም ምንም መንገድ አይመልሰውም። ኢንኮዲንግ በሚለው ላይ ዩቲኤፍ 8 መመረጥ አለበት። ዊንዶውስ 10 ከ1903 እትም ጀምሮ ራሱ ይህንን ይመርጣል።

ኤሌክትሪኩ ላይ የተሠራው ብዙ አይደለም። ባለ 650 ቪኤው ዩፒኤስ አልተጣለም፤ የሞተው 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ብቻ ተለወጠ። እንዲህ ያለ ባትሪ በወረቀት ላይ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ሲፒዩውና ስክሪኑ አንድ ላይ 120 ዋት ያህል ቢወስዱ 42 ደቂቃ ይመስላል። ባትሪ በፍጥነት ሲጠባ የሚሰጠው ስለሚቀንስና መለወጫው ራሱ ስለሚበላ፣ አዲስ ሲሆን የሚጠበቀው 15 እስከ 20 ደቂቃ ነው፤ በዓመታት ውስጥ ደግሞ እየቀነሰ ይሄዳል። የሌዘር ፕሪንተሩ ሶኬት ከዩፒኤሱ ላይ ተነቀለ፤ ወረቀቱን የሚተኩሰው ክፍል ሲሞቅ በመቶዎች የሚቆጠር ዋት ስለሚስብ ዩፒኤሱን ከአቅሙ በላይ ጭኖ በአንዴ ያጠፋዋል። ዩፒኤሱ ሲጮህ ጽሑፉን ለመጨረስ መሽቀዳደም አይፈቀድም፤ ሴቭ፣ ወርድን መዝጋት፣ ኮምፒውተሩን ማጥፋት፣ በዚሁ ቅደም ተከተል። በየወሩ አንድ ቀን ሥራ በሌለበት ሰዓት ዩፒኤሱ ከግድግዳው ይነቀልና ስንት ደቂቃ እንደያዘ ይጻፋል።

ዩፒኤስ በሌለበት ደግሞ መብራት ሲመጣ 5 ደቂቃ መጠበቅ። ሐሙስ እንደታየው የመጀመሪያው መምጣት ብዙ ጊዜ አይጸናም። የማዘርቦርዱ ክብ ባትሪ፣ 2032 የሚባለው ባለ 3 ቮልቱ፣ በሦስቱም ላይ ተለወጠ።

የቀረ ሥራ አለ። ደንቡ አሁንም በአሮጌው ፎንት ነው። ወደ ዩኒኮድ የሚለውጥ ፕሮግራም ሥራውን ያቀልለዋል፤ ነገር ግን ቁጥሮች፣ ሥርዓተ ነጥቦችና በተለየ ፎንት የተጻፉ ርዕሶች በስሕተት ሊለወጡ ስለሚችሉ 18ቱም ገጽ ከታተመው ደንብ ጋር መስመር በመስመር መነበብ አለበት። ለእሁዱ ስብሰባ አልደረሰም፤ ደንቡ ቪዥዋል ግዕዝ ካለበት ከ1 ቁጥሩ ላይ እንዳለ ታተመ።

ሠንጠረዡ ላይ የወርድ ቁጥር ጠፍቶ ከእጅ መዝገቡ የተወሰደ ቁጥር በራሱ ዓምድ ተጻፈ። ቅዳሜ ጠዋት ጸሐፊው ከታይፒስቷ አጠገብ ወንበር ስበው ከ207 እስከ 215 ያሉትን ስሞች አንድ በአንድ አነበቡላት፣ እሷ ጻፈች። ከዚያ ከ231 እስከ 286 ያለው ተጨረሰ። ጸሐፊው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየቆጠሩ፣ እሷም ስክሪኑ ላይ እየተከተለች፣ ሁለቱም አንድ ላይ ደረሱ። ሦስቱ ቅጂ ከሰዓት ታተመ፤ ፍላሹ ላይ የቀረው በ~$ የሚጀምረው ፋይልም ተሰርዞ ፍላሹ ለጸሐፊው ተመለሰ።